ግራንቱ መቼ ነው የሚያልቀው? የባህር ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ ገንዘብን በተመለከተ ካለፍኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጻፍ ካልኩ ቆየሁ፣ ባለፈው ወር ግን ሶስት ልጆች ከአገር ቤት አንድ አይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ለሁሉም ይድረስ አልኩ። ጥያቄው "ፉል ፈንድ ያለው አድሚሽን መጥቶልኛል፣ ልሂድ ወይ?" ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፣ የሚከፈልህ ከየትኛው ግራንት (ለምርምር ከሚሰጥ ገንዘብ) ነው? ግራንቱስ መቼ ነው የሚያልቀው? እኔ ይሄን ሳልጠይቅ ነው በፈረንጆቹ 2018 ነሐሴ ላይ ሻንጣዬን ይዤ የመጣሁት።

የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ ኤሌክትሪካል የተማርኩት እዛው ፖሊ ነው። የባህር መለኪያ መሳሪያ ላጠና ነው ስላት እናቴ "ባህሩ ደጃችን አይደል እንዴ ልጄ፣ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ" አለችኝ። እሷ ባህር ስትል ጣናን ነው፣ እኛ ጋ ሐይቁም ባህር ነው የሚባለው። ደግሞ ልክ ነበረች፣ ኋላ ላይ ገንዘብ ያስገኘልኝ ነገር የተጀመረው እዛው ጣና ላይ ነው። 5ኛ ዓመት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ለመመረቂያ ፕሮጀክት የውሃ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ አሽገን ከጀልባ ላይ በገመድ አወረድነው። ጣና ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃ ውስጥ 10 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር አንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፣ የኛ ቱቦ ግን 6 ሜትር ሳይሞላ ውሃ ገባበትና ቦርዱ ተቃጠለ። ሁለተኛውም እንደዛው። ሶስተኛው ላይ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ኦሪንግ፣ የጎማ ቀለበቷን ማለቴ ነው፣ ገዝተን ክዳኑን በልኳ አስቆፍረን አሸግነውና ሰራ። ያገኘነውን ቁጥር በደብተር ላይ ጽፈን፣ የተቃጠሉትን ቦርዶችም ፎቶ አንስተን አስቀመጥን። ደብተሩን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አሜሪካ ውስጥ በባህር ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ የሚማር አብዛኛው ሰው የሚኖረው በሪሰርች አሲስታንትነት ነው፣ ማለትም ፕሮፌሰሩ ከመንግስት ድርጅት፣ ከናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽንም ይሁን ከባህር ሃይሉ የምርምር ቢሮ ወይም ከኖኣ (የባህርና የአየር ጠባይ መስሪያ ቤቱ)፣ ፕሮፖዛል ጽፎ ግራንት ያመጣል፣ ከዛ ግራንት ላይ የናንተ ቱሽን (የትምህርት ክፍያ) እና ስታይፔንድ (የወር አበል) ይከፈላል። የአድሚሽን ደብዳቤው ላይ "ለ5 ዓመት ድጋፍ እናደርጋለን" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ግን አንቀጹን እስከ መጨረሻው ስታነቡት "ገንዘብ እስካለ ድረስ" የሚል ነገር አለበት። ግራንት ደግሞ በተለምዶ 3 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ፒኤችዲው ግን 5 ወይ 6 ዓመት ነው። ይሄ ሂሳብ አይገጥምም፣ ክፍተቱን ማን ይሸፍነዋል የሚለውን ሳትሄዱ በፊት ማወቅ አለባችሁ። ፕሮፌሰሮችም ጨካኝ ሆነው አይደለም፣ አንድ ተማሪ ቱሽኑ፣ ስታይፔንዱ፣ ኢንሹራንሱና የዩኒቨርሲቲው ኦቨርሄድ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ወጪው የሚወስደው ድርሻ፣ ሲደመር ውድ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ለአንድ ግራንት በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል፣ እንደልብ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም።

እኔ ስመጣ የተቀጠርኩበት ግራንት አንድ ዓመቱን በልቶ ነበር፣ አልጠየቅኩም፣ ማንም አልነገረኝም። እቅዱ በ2020 ሚያዝያ መርከብ ላይ ወጥተን መሳሪያውን ባህር ላይ እንፈትናለን ነበር። ኮቪድ መጣ፣ መጋቢት ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር መርከቦች በሙሉ ወደብ ገቡ። እኛ ዳታ የለንም፣ ግራንቱ ነሐሴ ላይ ያልቃል። አድቫይዘሬ፣ ምርምሬን የሚመሩት ፕሮፌሰር፣ "አትጨነቅ፣ ኖ ኮስት ኤክስቴንሽን ጠይቀናል" አሉኝና ደስ ብሎኝ ለቤተሰብ ሁሉ ደውዬ ተናገርኩ። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም! ስሙ ራሱ እንደሚለው የሚራዘመው ጊዜው ነው፣ አዲስ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይጨመርም። 12 ወር ተጨመረልን፣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ግን የሁለት ወር ስታይፔንዴ ነበር። ይሄን ልዩነት ያወቅኩት የዲፓርትመንቱ የሂሳብ ሰራተኛ ጠርታ ስታስረዳኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ በየሶስት ወሩ እሷ ቢሮ እየሄድኩ "የኔ ሂሳብ ስንት ቀረው" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። እናንተም ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ እኛ ስለ ገንዘብ በግልጽ መጠየቅ ትንሽ ያሳፍረናል፣ እዚህ ግን የሚያስከፍለው አለመጠየቅ ነው።

ከዛ ሁለት ዓመት በቲኤ ኖርኩ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ላብ እያስተማርኩ። ኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ላይ ያለ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መስራት አይችልም፣ ቲኤው ያንኑ 20 ሰዓት ይበላዋል፣ ምርምሩ ሌሊትና ቅዳሜ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው የራሴን ገንዘብ መፈለግ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ያባከንኩትን ጊዜ ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽኑ ጂአርኤፍፒ፣ በተማሪው ስም ስለሚሰጠው ፌሎሺፕ፣ ነው፣ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ድራፍት ስጽፍ ከቆየሁ በኋላ ነው ማን ማመልከት እንደሚችል የሚለውን መስመር ያነበብኩት። ለአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ላለው ብቻ ነው። የመከላከያው ፌሎሺፕ ኤንዲኤስኢጂ ደግሞ ግሪን ካርድም አይበቃውም፣ ዜግነት ይጠይቃል። ስለዚህ ማንኛውንም ጥሪ ስታነቡ ከብሩ መጠን በፊት ያቺን መስመር ፈልጉ። ግን ዲሲ፣ ሲያትል፣ ሚኒሶታ ያደጋችሁ ወይም በዲቪ የገባችሁ ካላችሁ ጂአርኤፍፒን እባካችሁ እንዳታልፉት። ስታይፔንዱ በዓመት 37 ሺህ ዶላር ነው፣ ለትምህርት ቤቱ ደግሞ 16 ሺህ ይከፍላል፣ በ5 ዓመት ውስጥ 3ቱን ዓመት ትጠቀሙበታላችሁ፣ ከሁሉ በላይ ገንዘቡ የናንተ ስለሆነ ፕሮፌሰሩ ግራንት ቢያልቅበት እናንተ አትወድቁም። ዕድሉ ግን ገና በጊዜ ነው የሚዘጋው፣ ትምህርቱ ከገፋ በኋላ ማመልከት አይቻልም፣ ህጉም ስለሚቀያየር የዓመቱን ጥሪ ራሱን አንብቡ።

ለኛ ለኤፍ ዋኖቹ ክፍት የሆነ ምን አለ? እኔን ያዳነኝ ፊኔስት የሚባለው የናሳ የተማሪዎች ምርምር ግራንት ነው። ናሳ ከባህር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም፣ ግን ሳተላይቶቹ የባህሩን ቀለም፣ ሙቀት፣ የውሃውን ከፍታ ይለካሉ፣ ያ ልኬት ትክክል መሆኑን ደግሞ ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚያረጋግጥ መሳሪያ ያስፈልጋል። ፊኔስት ላይ ፕሮፖዛሉን የሚጽፈው ተማሪው ራሱ ነው፣ አድቫይዘሩ በዋና ተመራማሪነት ስሙን ያስገባል፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ እስከተማራችሁ ድረስ ዜግነት አይጠይቅም፣ በቅርብ ዓመታት በዓመት እስከ 50 ሺህ ዶላር፣ እስከ 3 ዓመት ነበር። በየዓመቱ ይወጣል ብላችሁ ግን አትደገፉበት፣ የፌደራል ባጀት ሲናወጥ መጀመሪያ የሚነኩት እንደዚህ አይነቶቹ ናቸው፣ ጥሪው መውጣቱን አረጋግጡ።

ሌላው በቀጥታ በኛ ሙያ ስም የተሰየመ አለ፣ የሊንክ ፋውንዴሽን የባህር ኢንጂነሪንግና ኢንስትሩመንቴሽን የፒኤችዲ ፌሎሺፕ። ኤድዊን ሊንክ አብራሪዎች መሬት ላይ ሆነው የሚሰለጥኑበትን ሲሙሌተር የሰራው ሰው ነው፣ ከባለቤቱ ከማሪየን ጋር ፋውንዴሽኑን በ1953 አቋቋሙ፣ የኋለኛውን ዕድሜውን ሙሉ ለባህር ስራ ሰጠ፣ ጆንሰን ሲ ሊንክ የምትባለዋን ሰርጓጅም እሱ ነው የነደፋት። በ1973 ይህችው ሰርጓጅ ፍሎሪዳ አካባቢ በሰመጠ መርከብ ፍርስራሽ ተይዛ ወንድ ልጁ ከሌላ ጠላቂ ጋር ህይወታቸው አለፈ። ይሄን ታሪክ ሳነብ ነው የዚህ ገንዘብ መንፈስ የገባኝ፣ በወረቀት ላይ ለሚቀር ሃሳብ አይደለም፣ ውሃ ውስጥ ወርዶ ሰርቶ ለሚመለስ ነገር ነው። የማንንም ፋውንዴሽን ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ማን፣ ለምን እንዳቋቋመው አንድ ሰዓት ሰጥታችሁ አንብቡ፣ ፕሮፖዛሉን የምትጽፉበት መንገድ ራሱ ይለወጣል።

የመጀመሪያው የፊኔስት ፕሮፖዛሌ በ2021 ወደቀ። የገምጋሚዎቹን አስተያየት ሳነብ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ፣ ግን ልክ ነበሩ። ስድስቱንም ገጽ የጻፍኩት ስለ ሴንሰሩ ነው፣ ስንት ቢት ነው፣ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል፣ ከገበያው በስንት ይረክሳል ምናምን። "ይሄ መሳሪያ እስካሁን ያልተመለሰ የትኛውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው?" ነው ያሉኝ። እኛ መሳሪያ የምንሰራ ሰዎች የሚጥለን ይሄ ነው፣ መሳሪያው ራሱ መልስ ይመስለናል። ለ2022ቱ ሙሉ በሙሉ ገልብጬ ጻፍኩት። የጀመርኩት ከችግሩ ነው፦ ሳተላይት የሚያየው የባህሩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፣ ከታች ያለውን ፕላንክተን፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ሕያዋን ማለቴ ነው፣ የሚለካው ተንሳፋፊ መሳሪያ ነው፣ የመሳሪያው የብርሃን መስኮት ግን ጥቂት ሳምንት ውሃ ውስጥ ከቆየ አልጌ ይለብስና ቁጥሩ ቀስ እያለ ይሳሳታል፣ ስህተቱ ከባህሩ ለውጥ ጋር ይመሳሰላል። ከዛ በኋላ ነው የኔ ሴንሰር መስኮቱን እንዴት እንደሚጠርግ፣ ስህተቱን ከስንት ወደ ስንት እንደሚያወርድ፣ በቁጥር የጻፍኩት። ያን ጊዜ ፔስ የሚባለው የናሳ ሳተላይት ገና አልመጠቀም ነበር፣ በ2024 የካቲት ነው የመጠቀው፣ እና "እሱ ሲመጥቅ የኔ መሳሪያ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል" የሚል አንድ አረፍተ ነገር ከነጊዜ ሰሌዳው አስገባሁ። ደብተሩስ? ሁለተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ምስል የጣናው ነው። ሁለት የተቃጠለ ቦርድና አንድ የሰራ፣ ከነ ጥልቀቱ። መሳሪያ ሰርቶ፣ ወድቆ፣ ምክንያቱን አውቆ ያስተካከለ ሰው መሆኔን ከየትኛውም የማርክ ወረቀት የበለጠ ያ ምስል አሳየልኝ፣ አንዱ ገምጋሚ በጽሁፍ ጠቅሶታል። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ልጆች፣ የውቅያኖስ ዳታ የለኝም ብላችሁ አትቁረጡ፣ ሐዋሳም፣ ላንጋኖም፣ የጣና እምቦጭ ስር ያለውም ውሃ ውሃ ነው፣ የለካችሁትን ከነስህተቱ መዝግቡ።

ባጀት ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ደግሞ ማንም ቶሎ የማይነግራችሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከግራንት ላይ ኦቨርሄድ ይወስዳል፣ የኛ 54 በመቶ ነበር፣ የ100 ዶላር ኬብል ስትገዙ ከግራንቱ 154 ይሄዳል ማለት ነው። ግን ትልቅ ቋሚ ዕቃ ላይ ኦቨርሄድ አይታሰብም። እኔ የምሰራው መሳሪያ ደግሞ ከመቶ ትንንሽ ዕቃ ነው የሚገጣጠመው፣ ውሃ የማያስገባው ኮኔክተር ብቻውን ከነኬብሉ በመቶዎች ዶላር ነው፣ የቲታኒየም ቤቱ፣ ሰሌዳው፣ መስኮቱ፣ ሁሉ ሲደመር 14 ሺህ ገደማ። እነዚህን አንድ በአንድ እንደ ተራ አላቂ ዕቃ ብናስገባቸው 7 ሺህ 560 ዶላር ኦቨርሄድ ይታሰብባቸው ነበር። የሂሳቧ ሴትዮ ናት "ይሄ እኮ ተገጣጥሞ አንድ መሳሪያ ነው የሚሆነው፣ በፋብሪኬትድ ኢኩዊፕመንት፣ እዚሁ በተሰራ ቋሚ ዕቃነት፣ ይመዝገብ" ያለችኝ። የተረፈው ገንዘብ፣ ደሞዝ ላይ የሚታሰበውን ኦቨርሄድ ቀንሰን እንኳን፣ የኔ የወር ተኩል ስታይፔንድ ሆነ። በኔ ጊዜ ቋሚ ዕቃ የሚባለው ከ5 ሺህ ዶላር ጀምሮ ነበር፣ ከ2024 ጥቅምት ወዲህ የፌደራሉ ደንብ መነሻውን ወደ 10 ሺህ ከፍ አድርጎታል፣ የናንተ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁና ነው ባጀቱን መስራት ያለባችሁ። ካሊብሬሽንም፣ መሳሪያው በትክክል መለካቱን ማስተካከያውን፣ አትርሱ፣ የመፈተኛ የግፊት ታንክ ክፍያም፣ ሊቲየም ባትሪ መላኪያም፣ እኔ የባትሪውን ረስቼ ከሌላ ሳጥን ነው የሸፈንኩት።

መርከብ ደግሞ በጣም ውድ ነው፣ ትላልቆቹ የምርምር መርከቦች በቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው የሚያስወጡት፣ ለአንድ ተማሪ ፕሮፖዛል የሚታሰብ አይደለም። መፍትሄው የሌላ ሰው ክሩዝ (የምርምር ጉዞ) ላይ መለጠፍ ነው። የመርከቦቹ መርሃ ግብር ለሁሉም ክፍት ነው፣ ወደምትፈልጉት አካባቢ የሚሄድ ካለ ለዋናው ሳይንቲስት አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ መሳሪያዬ ይሄን ያህል ኪሎ ነው፣ ይሄን ያህል ደቂቃ ዴክ ላይ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ የናንተን የሲቲዲ (የውሃ ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት መለኪያ) ናሙና እቀዳለሁ። እኔ ለአስራ አንድ ሰው ጽፌ ሁለቱ ባዶ አልጋ አለን አሉኝ፣ የዲሰርቴሽኔ (የመመረቂያ ጽሁፌ) ዳታ ግማሹ ከዛ ነው የመጣው፣ ለመርከቡ አንድ ዶላር አልከፈልኩም።

ለኛ ለውጭ ዜጎች የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። የውሃ ውስጥ ድምጽ መሳሪያ፣ ሶናር፣ ሰው አልባ ሰርጓጅ ላይ የሚሰሩ አንዳንድ ፕሮጀክቶች በኤክስፖርት ቁጥጥር ህግ ስር ናቸው፣ ተማሪው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ ስዕሉን እንኳን እንዳያይ ሊከለከል ይችላል። ውጤቱ በነጻ የሚታተም መሰረታዊ ምርምር ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ግን ቅበላውን ከመፈረማችሁ በፊት "ፕሮጀክቱ ላይ የዜግነት ገደብ አለው ወይ" ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ አንድ የማውቀው ልጅ ዓመት ተኩል ከሰራ በኋላ ነው ርዕስ የቀየረው።

ታክሱንም ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ክፉኛ ተጎድቻለሁ። የሪሰርች አሲስታንት ክፍያ ደሞዝ ስለሆነ ታክሱ እየተቆረጠ ነው የሚመጣው። ፌሎሺፕ ግን ሌላ ነው። ኤፍ ዋን ላይ ሆናችሁ ለታክስ ነዋሪ ያልሆነ እስከተባላችሁ ድረስ ዩኒቨርሲቲው 14 በመቶ ይቆርጣል፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላቸው እንደ አንዳንድ አገር ልጆች ነጻ አንሆንም። 5 የፈረንጅ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን፣ የመጣችሁበት ዓመት ታህሳስ ላይ እንኳን ብትገቡ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ለታክስ ነዋሪ ትሆናላችሁ፣ ያኔ ከፌሎሺፑ ላይ መቆረጡ ይቆማል። እኔ 2023 ላይ ገንዘቡ ጨመረ ብዬ ደስ ብሎኝ ለእህቴ ሰርግ ላክሁ፣ በዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሙሉውን ዓመት ታክስ ከነቅጣቱ በአንዴ ክፈል ተባልኩ። ቤተክርስቲያን የማውቃቸው ሂሳብ የሚሰሩ ጋሼ ናቸው ቁጭ ብለው ያስተካከሉልኝ፣ ለካ ሚያዝያ፣ ሰኔ፣ መስከረምና ጥር አጋማሽ ላይ በአራት ከፍሎ ቀድሞ መክፈል ነበረብኝ። ከየወሩ ላይ አንስታችሁ ለብቻው አስቀምጡ።

አሜሪካ ብቻ አትዩ ደግሞ። ኖርዌይ ውስጥ ፒኤችዲ ስራ ነው፣ ውል ፈርማችሁ ደሞዝ ነው የምትበሉት፣ ትሮንዳሂም ያለው ኤንቲኤንዩ በባህር ቴክኖሎጂ ትልቅ ስም አለው፣ ማስታወቂያውም እንደ ስራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። የአውሮፓ ህብረቱ የማሪ ኩሪ ዶክቶራል ኔትወርክ የየትኛውንም አገር ሰው ይቀበላል፣ ዋናው ደንብ ካለፉት 36 ወራት ውስጥ የምትቀጠሩበት አገር ከ12 ወር በላይ ያልኖራችሁ እንድትሆኑ ነው። ፒኤችዲ ከመጀመራችሁ በፊት ባህሩን ልቅመሰው የምትሉ ደግሞ የጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽንና የዓለምን የባህር ወለል ካርታ የሚሰራው ጌብኮ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጡት የአንድ ዓመት የባህር ወለል ካርታ ስልጠና አለ፣ ወጪው ተሸፍኖ ነው፣ ከ2004 ጀምሮ ከብዙ አገር ሰው አሰልጥነዋል።

ለፕሮፌሰር የምትልኩትን ጥያቄ እንዲህ አድርጉት፣ በአክብሮት ግን ሳታድበሰብሱ፦ የምከፈልበት ግራንት መቼ ጀመረ፣ መቼ ያልቃል? ከዛ በኋላ ያለው ዓመት በምን ይሸፈናል፣ ቲኤ የተረጋገጠ ነው ወይ? ትምህርት የሚዘጋበት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴስ ይከፈላል ወይ? ካሁን በፊት የነበሩ ተማሪዎችዎ በስንት ዓመት ጨረሱ፣ ሁለቱን ላናግር? የሚቆጣ ፕሮፌሰር እስካሁን አላጋጠመኝም፣ በግልጽ የማይመልስ ግን አጋጥሞኛል፣ እሱን ትቼ ሌላ ቦታ እንዲሄድ የመከርኩት ልጅ አሁን ሶስተኛ ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው።

እኔ በ2024 መጨረሻ የመመረቂያ ጽሁፌን ዲፌንድ አድርጌ ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ሴንሰር፣ መስኮቱ ትንሽ የተጫረውን፣ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁት፣ ባህር ዳር አንዲት 5ኛ ዓመት ተማሪ እየተጠቀመችበት ነው። ባለፈው ሳምንት እምቦጭ የሸፈነውንና ያልሸፈነውን ውሃ ጎን ለጎን የለካችበትን ግራፍ ላከችልኝ፣ ሶስት ሰዓት ላይ አንድ ነጥብ ተሰብሮ ወድቋል፣ "ጋሼ ይሄን ላጥፋው ወይ?" አለችኝ። አታጥፊው፣ ለምን እንደወደቀ ፈልጊና ከስሩ ጻፊው አልኳት።